ወደ ጊዮርጊስ የዞረው ሥር

አየለች ሀያ ስድስት ዓመት የሌላ ሰው ጠረጴዛ ስትወለውል ኖራ፣ በሃምሳ ሰባት ዓመቷ አንድ ነገር ከመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ አስበልጣ አወቀች። ያወቀችው ትንሽ ነገር ነው፤ የአንድ አበባ ሥር ለምን ወደ አንድ ወገን ብቻ እንደሚሄድ ነው። በዚህች በትንሿ ነገር ሥራዋንም ቤቷንም አጣች። ሰው ባለማወቁ ሲጎዳ ማየት የተለመደ ነው፤ በማወቁ ሲጎዳ ግን ያንገበግባል።

መሥሪያ ቤቱ ከፒያሳ ወደ ቸርችል ጎዳና ቁልቁል ሲጀመር፣ በግራ በኩል ካሉት የጣሊያን ጊዜ ፎቆች በአንደኛው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አክሲዮን ማኅበር ነው፤ ስሙ ይቅር። አየለች የጽዳት ሠራተኛ ሆና ስትቀጠር ከጓሮ ያለችውን አንዲት ሰርቪስ ክፍል አብረው ሰጧት። ጠባብ ናት፤ ግን በሯን ከፍተው ሲወጡ አራዳ ነው። እናቷ አትክልት ተራ ሽንኩርት እየቸረቸረች ነው ያሳደገቻት፤ ከዚህ ሰፈር ውጭ ያደረችባቸው ቀናት ቢደመሩ ሁለት ወር አይሞሉም። ጎረቤቶቿ አንድ በአንድ ወደ ከተማው ዳር ሲሄዱ እሷ የቀረችው በዚያች ክፍል ነው። ክፍሏ ደግሞ የሥራው ናት፤ ሥራው ከሄደ እሷም ትሄዳለች። ይህን አየለችም ታውቃለች፣ አለቆቿም ያውቃሉ።

አበባው የመጣው ከአራት ዓመት በፊት ነው። አንድ የውጭ አገር ደንበኛ ለሥራ አስኪያጁ ለአቶ ዘርዓብሩክ ነጭ ኦርኪድ በሸክላ ማሰሮ ይዞላቸው መጣ። አቶ ዘርዓብሩክ አንድ ሳምንት ወደዱት። አበባው ሲረግፍ ረሱት። አየለች «ጣይው» ከመባሏ በፊት በቢሯቸው መስኮት አጠገብ ወዳለችው ትንሽ ጠረጴዛ ወሰደችውና በራሷ ፈቃድ አሳዳጊው ሆነች። ማክሰኞ አንድ የቡና ሲኒ ውሃ፣ ዓርብ አንድ የቡና ሲኒ ውሃ። ኋላ በባልዲ ታጠጣው ነበር ተብሏልና ይህ ይታወቅላት።

መጀመሪያ ግራ ያጋባት የሥሩ ነገር ነው። ይህ አበባ እንደ ሌላው ሥሩን አፈር ውስጥ አይደብቅም። ከማሰሮው አፍ ያወጣና አየር ላይ ያንጠለጥለዋል። ሲደርቅ እንደ ብር ግራጫ ነው፤ ውሃ ሲነካው ወዲያው አረንጓዴ ይሆናል። አየለች ነውር መስሏት ሁለቱን መልሳ ወደ ማሰሮው ከተተቻቸው፤ ሁለቱም በሰበሱ። ከዚያ በኋላ እንደ ፍጥርጥሩ ብላ ተወችው።

መስኮቱ ወደ ጎዳናው፣ ወደ ምዕራብ ያያል። ቅጠሎቹ ወደ መስኮቱ ያዘነብላሉ፤ ሥሮቹ ደግሞ ብርሃኑን ሸሽተው ወደ ክፍሉ ውስጥ ይመለሳሉ። እስከዚህ ድረስ ገባት። የሥር ወጉ ጨለማ ነው። በሁለተኛው ዓመት ግን አዲስ የወጡት ሥሮች ወደ ውስጥ መሄዱን ትተው ወደ ቀኝ፣ በሰሜን በኩል ወዳለው ግድግዳ ታጠፉ። ያ ግድግዳ ደግሞ ጨለማ አይደለም፤ በበጋ የከሰዓት ፀሐይ የሚያርፍበት እሱ ነው። ብርሃን የሚጠላ ሥር ብርሃን ወዳለበት ምን ወሰደው?

አየለች ነገር ከያዘች አትለቅም። በሥሮቹ ላይ ቀይ ክር አሰረችና ማሰሮውን ጀርባውን አዞረችው። በሁለት ወር ውስጥ ክር ያሰረችባቸው ሥሮች ጫፋቸውን ጠምዝዘው ተመልሰው ወደዚያው ግድግዳ ዞሩ። ማሰሮውን አንስታ ከመስኮቱ በስተግራ አስቀመጠችው፤ አዲሶቹ ሥሮች እንደ ቀድሞው ወደ ክፍሉ ጨለማ ሄዱ። ወደ ቀኝ መለሰችው፤ ግድግዳው ጋ ደርሰው ተጣበቁ። ይህ ሁሉ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ወሰደባት፤ ያስቸኮላት አልነበረም። በመጨረሻ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። መጋቢት ነበር፤ ዝናብ ከጠፋ ስንት ወሩ። ግድግዳው ቀዘቀዛት።

የጸሐፊዋ የፀደንያ ጠረጴዛ ከሥራ አስኪያጁ በር ፊት ነው። ልጅቷ ሀያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከአየለች ጋር ይዋደዳሉ። አየለች ጠራቻትና፣

«እስቲ በስልክሽ ፈልጊልኝ። የኦርኪድ ሥር ወዴት ነው የሚሄደው?» አለቻት።

ፀደንያ ፈለገችና አነበበች። «ብርሃን ይሸሻል ይላል። እርጥበት ወዳለበት ይዞራል። የነካውን ደግሞ ጨምድዶ ይይዛል፤ ሲላቀቅ ይቀደዳል እንጂ አይለቅም።»

«እንግዲያው ግድግዳው ውስጥ ውሃ አለ።»

ፀደንያ ከስልኳ ቀና ብላ አየቻት። «እትዬ አየለች፣ አንቺ እኮ ያለ ቦታሽ ነው መጥረጊያ የያዝሽው።»

ከዚያ ግድግዳ ጀርባ መዝገብ ቤቱ ነው፤ የማኅበሩ የድሮ ፋይሎች የተደረደሩበት፣ በዓመት አንዴ እንኳ የማይከፈት ክፍል። አየለች በማግስቱ ወደ አስተዳደር ኃላፊው ወደ አቶ እምሩ ሄደች። ግድግዳው ውስጥ ውሃ ስላለ ቧንቧ ሠራተኛው እንዲያየው ለመነቻቸው።

«ማን ነገረሽ?» አሉ አቶ እምሩ።

«አበባው።»

ሌላ ቃል ብትመርጥ ኖሮ የዚህ ታሪክ መንገድ ሌላ ይሆን ነበር። አቶ እምሩ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ለወጉ ያህል ቧንቧ ሠራተኛውን ደበሳይን ላኩት። ደበሳይ ሃምሳ ዓመት የሚጠጋው፣ በፎቁ ውስጥ ያለውን ቧንቧ ሁሉ በእጁ የሚያውቅ ሰው ነው። ግድግዳውን በጣቱ አንጓ ሁለቴ ቆርቆር አደረገ፤ አየለችን ሳያያት «ደህና ነው» ብሎ ወጣ። አቶ እምሩ ደግሞ ጨዋታውን ፒያሳ ማኪያቶ ሊጠጡ ይዘውት ሄዱ። ከሰዓት በኋላ በመሥሪያ ቤቱ የሚናገር አበባ አለ ተባለ። አራዳ ደግሞ ወሬን ባዶ እጁን አይመልስም፤ እያንዳንዱ ሰው ትንሽ ይጨምርለታል።

አቶ ዘርዓብሩክ ወሬው ሲደርሳቸው ከወንበራቸው ተነሥተው አበባውን አዩት። ሦስት ሥሮች ተሰልፈው ግድግዳውን ይዘዋል። ወደ መስኮቱ ዞሩ፣ እንደገና ወደ ግድግዳው ዞሩ፣ በእጃቸው አቅጣጫውን ለኩ።

«ይሄ እኮ በቀጥታ ወደ ጊዮርጊስ ነው» አሉ።

እውነታቸውን ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ በዚያ በኩል ነው። በዚያ በኩል ግን ማዘጋጃ ቤቱም፣ የፒያሳ ወርቅ ቤቶችም፣ ዳቦ ቤቱም አሉ፤ እነሱን ማንም አላነሣቸውም። በሳምንቱ ከግድግዳው ላይ፣ ከሥሮቹ በላይ፣ በትልቅ ፍሬም የሰማዕቱ ስዕል ተሰቀለ። ስዕሉ የተሰቀለበት ቦታ ላይ የመዳፍ ስፋት ያላት ቢጫ የውሃ ምልክት መታየት ጀምራ ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ አልታየችም። እንግዳ በመጣ ቁጥር አቶ ዘርዓብሩክ አበባውን ያሳያሉ፤ እንግዳው ያማትባል፤ ነገሩ የቢሮውም የባለቤቱም ክብር ሆነ።

አየለች ጊዮርጊስን ትወዳለች። ወር በገባ በሃያ ሦስት ሳትሳለመው ቀርታ አታውቅም። እንዲያውም ያናደዳት ይኸው ነው፤ ሰማዕቱ ዘንዶ ገደለ እንጂ ቧንቧ ሲያፈስ ዝም ብሎ አያይም ነበር።

ሐምሌ ላይ የቦርዱ ሰብሳቢ ከሦስት እንግዶች ጋር መጡ። አየለች ብርጭቆ እየሰበሰበች ሳለ አቶ ዘርዓብሩክ ታሪኩን ጀመሩ። ሰብሳቢው ሽማግሌና ጠያቂ ሰው ናቸው። ሥሩን ጎንበስ ብለው አዩና፣

«የሚንከባከበው ማነው?» አሉ።

«እሷ ናት» አሉ አቶ ዘርዓብሩክ። «አየለች፣ እስቲ ንገሪያቸው። ወደዚያ የሚስበው ምንድን ነው?»

እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ውሃ ነው ጌታዬ፤ ግድግዳው እየበሰበሰ ነው። ይህን ለማለት አፏን ከፈተች። አምስት ሰው ያያታል። አለቃዋ በእንግዳ ፊት ፈገግ ብለው ይጠብቃሉ። እናቷ ሰውን በሰው ፊት አታሳፍሪ ብላ ነው ያሳደገቻት፤ ያውም የሚያበላትን ሰው፣ ያውም የሰማዕቱ ስዕል በተሰቀለበት። ይሉኝታ ያዛት።

«ጊዮርጊስ ነው ጌታዬ፤ ምን ይጠየቃል» አለች።

ሰብሳቢው አማተቡ። አቶ ዘርዓብሩክ በሀያ ስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አይተዋት ፈገግ አሉላት። አየለች ብርጭቆዎቿን ይዛ ወጣች።

ፀደንያ በሩ ተከፍቶ ስለነበር ሰምታለች። «ለምን ዋሸሽ እትዬ?»

«በእንግዳ ፊት ላዋርዳቸው? አንቺስ ዲግሪ አለሽ፤ ለምን አልነገርሽልኝም?»

«እኔ ጴንጤ ነኝ። ስለዚያ ስዕል አፌን ከከፈትኩ ከቧንቧው በፊት የምፈነዳው እኔ ነኝ።»

አየለች ኅሊናዋ አላስቀምጥ ሲላት ከአንድ ሳምንት በኋላ እንደገና ወደ አቶ እምሩ ሄደች። ስዕሉ ለአንድ ቀን ብቻ ተነሥቶ ከጀርባው እንዲታይ ጠየቀች። አቶ እምሩ በዚህ ጊዜ አልሳቁም።

«ጊዮርጊስን አንሡ ብዬ ልዘዝ? ለሰብሳቢው የመሰከርሽው አንቺው አይደለሽም እንዴ? ወደ ሥራሽ።»

ወደ ሥራዋ ሄደች። በጽሑፍ ልታቀርብ አልፈለገችም፤ አብሮ የኖረን ሰው በወረቀት መክሰስ ሆኖ ታያት። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለወንዝ ብቻ አይደለም።

በዓመቱ ጥቅምት ላይ በአክሲዮን ክርክር የተነሣ ፍርድ ቤት የማኅበሩን መሥራቾች ዋና መዝገብ አምጡ አለ። መዝገብ ቤቱ ተከፈተ። ሽታው ደረጃው ድረስ ወረደ። በግድግዳው በኩል የቆመው መደርደሪያ ከላይ እስከ ታች ሻግቶ፣ ፋይሎቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ሊጥ ሆነዋል። የመሥራቾቹን መዝገብ ሲያነሱት ገጾቹ በእጃቸው ላይ ቀሩ።

አሁን ጥፋተኛ ያስፈልጋል። ጥፋተኛ ሲፈለግ ወደ ላይ አይታይም፤ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ። አቶ እምሩ የሚመሩት አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። አየለች ነጠላዋን አጣፍታ ገባች። ፀደንያ ቃለ ጉባኤ ትጽፋለች፤ አቶ ዘርዓብሩክ ጥግ ላይ ተቀምጠው ስልካቸውን ያያሉ።

«ወይዘሮ አየለች» አሉ አቶ እምሩ። ከዚያ ቀን በፊት ወይዘሮ ብለዋት አያውቁም። «በዚያ ግድግዳ አጠገብ ውሃ የሚጠቀም ከእርስዎ በስተቀር ማን አለ?»

«እኔ በሲኒ ነው የማጠጣው። ውሃው ከቧንቧው ነው። ሁለት ጊዜ ነግሬዎታለሁ።»

«ለእኔ? ስለ አበባ አንድ ቀልድ ነግረውኝ ነበር። ስለ ቧንቧ ግን አላስታውስም። በጽሑፍ አለ?»

በጽሑፍ የለም። ደበሳይ በባለሙያነት ተጠራ። ቆቡን በእጁ እያሻሸ፣ ቧንቧው ከስድስት ዓመት በፊት በእሱ እጅ እንደታደሰና ምንም እንደሌለው፣ እርጥበቱ ከማሰሮው የፈሰሰ ሊሆን እንደሚችል ተናገረ። አንድ ጊዜም አየለችን አላያትም።

«ደግሞስ» አሉ አቶ እምሩ፣ «ግድግዳው ውሃ እንዳለው ያውቁ ከነበረ፣ የቦርዱ ሰብሳቢ በግልጽ ሲጠይቁዎት ምን አሉ?»

አየለች ወደ አቶ ዘርዓብሩክ አየች። አንድ ቃል ቢናገሩ ይበቃ ነበር፤ እኔ ነኝ እንዲያ ያስባልኳት ቢሉ። አቶ ዘርዓብሩክ ስልካቸውን ገልብጠው ጭናቸው ላይ አስቀመጡትና ወደ መስኮቱ ዞሩ። በአንድ የሐምሌ ከሰዓት እንዳይዋረዱ ብላ እውነቷን የዋጠችላቸው ሰው ናቸው።

«ጊዮርጊስ ነው ብያለሁ» አለች አየለች።

ፀደንያ ጻፈችው። ምን ታድርግ፤ የተባለውን መጻፍ ነው ሥራዋ።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው። አየለች ከሥራ ተሰናበተች፤ ክፍሏን በሠላሳ ቀን እንድትለቅ ተጻፈላት። ከኮሚቴው በኋላ አቶ እምሩ ማሰሮው እንዲነሣ አዘዙ። ካላዩ የሚባለው አዲሱ ዘበኛ አንድ ጊዜ ሳብ አደረገው። ፀደንያ እንዳነበበችው ነው የሆነው፤ ሥሩ አልለቀቀም፣ ተቀደደ። ቆዳው ግድግዳው ላይ ቀርቶ ውስጡ እንደ ክር ተንጠለጠለ። አየለች አጠገቡ ቆማ አየች። ኋላ ዕቃዋን ስትጭን ያላለቀሰች ሴት እዚያ አለቀሰች። ማሰሮውን ልውሰደው ብትል የድርጅቱ ንብረት ነው አሏት፤ በማግስቱ ከቆሻሻ ጋር ወጣ።

የተከራየችው ክፍል ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከአራዳ ሁለት አውቶቡስ ነው፤ ሰልፉ ሲጨመር ግማሽ ቀን። ጎረቤቶቿ ደጎች ናቸው፤ ግን የሚያውቋት የለም፤ እናቷን የሚያውቅ የለም። መንገድ ላይ «የሽንኩርቷ ልጅ» ብሎ የሚጠራት ሰው ሳታገኝ ቀኑ ይመሻል። በሃያ ሦስት ጊዮርጊስን ልሳለም ብላ ሁለት ጊዜ ሄደች፤ በሦስተኛው ጉልበቷ እምቢ አላት።

ጥር መጨረሻ ላይ ፀደንያ ደወለች። ሰላምታውን ጨርሳ እንደገና ሰላምታውን ጀመረች።

«ምንድን ነው? ተናገሪ።»

«ግድግዳው ደረቀ እትዬ። አንቺ ከወጣሽ፣ አበባው ከተነሣ ጀምሮ ጭልጥ ብሎ ደረቀ። ይኸው ማስረጃው እያሉ ነው። አቶ ዘርዓብሩክ ራሳቸው፣ እኔ እኮ ተጠራጥሬ ነበር፤ አሁን ግን ልቤ አረፈ አሉ።»

አየለች ስልኩን ከዘጋች በኋላ ረጅም ሰዓት አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ሲኒዋን አስታወሰች፤ ማክሰኞ አንድ፣ ዓርብ አንድ። ሦስት ይሆን እንዴ የነበረው? አንዳንዴ ደግማ ይሆን? አራት ዓመት ሙሉ በዓይኗ ያየችውን፣ በእጇ የዳሰሰችውን ነገር መጠራጠር ጀመረች። ከሥራው መባረሩም፣ ከሰፈሩ መነቀሉም እንዲህ አላደረጋትም ነበር።

በየካቲት፣ በዐቢይ ጾም ቅበላ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ዕለት በሯ ተንኳኳ። ደበሳይ ነው። ከጀርባው አንድ ሽማግሌ ቄስ ቆመዋል፤ የንስሐ አባቱ ናቸው። አየለች ደንግጣ መስቀል ተሳለመች፤ ያለቻትን አንድ ወንበር ለቄሱ ሰጠች። ደበሳይ አልተቀመጠም። ወለሉ ላይ ተንበረከከ።

«እትዬ አየለች፣ ልቆርብ ነው» አለ። «አባ፣ ሳትታረቅ አይሆንም አሉኝ። ቧንቧውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ያኔ ሲታደስ አዲስ መጋጠሚያ ተገዝቶለት ነበር፤ ለግሌ ሥራ ወሰድኩትና በላስቲክ ጠቅልዬ ዘጋሁት። አበባው ነገረኝ ማለትሽን ስሰማ ያን ቀን ደሜ ነው የቆመው። አንቺ ከወጣሽ በኋላ እሑድ ቀን ማንም ሳይኖር ግድግዳውን በመዝገብ ቤቱ በኩል ፈልፍዬ ቧንቧውን ሠራሁት።»

አየለች ግድግዳዋን ተደግፋ ቆመች። መጀመሪያ የተሰማት ንዴት አልነበረም፤ እፎይታ ነው። ሲኒው ሁለት ነበር። ማክሰኞ አንድ፣ ዓርብ አንድ። አእምሮዋ ልክ ነበር። ቀጥሎ ንዴቱ መጣ።

«ለእነሱ ትነግራቸዋለህ?» አለች።

ደበሳይ ወደ ቄሱ አየ። ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ይቅርታ በውል አይደለም። ይኸው ከእግርሽ ሥር ወድቋል። ነገ ቅበላ ነው፤ ቂም ይዞ ጾም አይገባም። ላንቺም እኮ ነው።»

አንድ ሽማግሌ ካህን ሁለት አውቶቡስ ይዘው፣ አራት ፎቅ በእግራቸው ወጥተው መጥተዋል። አንድ ሰው ግንባሩን ሊሾ ላይ ደፍቷል። በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰው ፊት እምቢ የሚል አንደበት ለአየለች አልተፈጠረላትም።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች።

ደበሳይ ጉልበቷን ስሞ ተነሣ። ፊቱ ተለወጠ፤ አሥር ዓመት የቀለለው መሰለ። ቄሱ በመስቀላቸው ባረኳቸው። ከዚያ አየለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«እንግዲህ ሰኞ ለአቶ ዘርዓብሩክ ትነግርልኛለህ» አለች። «ሥራውን አልልም። ክፍሏን ቢመልሱልኝ።»

ደበሳይ ቆቡን አደረገ። የተናገረው በክፋት አልነበረም፤ ከልቡ ነው።

«እትዬ፣ አንቺ ይቅር ብለሽኛል። እግዚአብሔርም ይቅር ብሎኛል። አሁን ለእነሱ ብናገር ልጆቼ ሜዳ ላይ ይወድቃሉ። ያለቀን ነገር ምን ያስነሣዋል?»

ቄሱ ወደ በሩ አመሩ። አየለች ነጠላዋን ከሚስማሩ ላይ አወረደች። እንግዳ ሳይሸኙ መቅረት ነውር ነውና፣ አራቱን ፎቅ ከኋላቸው ወርዳ እስከ ታክሲው ድረስ ሸኘቻቸው።